ለወጉ ያህል፦ የተኩስ ሥልጠና ልማዶች ሲፈተሹ

(ለታጠቁ የጥበቃ ሠራተኞችና ለአሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ስለ ዒላማ አመታት አናወራም። የምናወራው ከተኩስ በፊትና በኋላ ስለሚደረጉት፣ ማንም "ለምን?" ብሎ ስለማይጠይቃቸው ትናንሽ እንቅስቃሴዎች ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሽጉጥ የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችን የተኩስ ሜዳ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሠልጣኙ ሁለት ጥይት ይተኩሳል፤ ሽጉጡን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ አንገቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዞራል፤ ሽጉጡን ወደ አፎቱ ይመልሳል። የአንገቱ ነገር ከአንድ ሰከንድ ብዙ አይበልጥም። አሠልጣኙ ከኋላው ቆሞ ሦስት ጣት ቢያነሣና "ስንት ጣት ነበር?" ብሎ ቢጠይቀው፣ አብዛኛው ሠልጣኝ እንኳን ቁጥሩን ጣት መነሣቱንም አላየም።

እንቅስቃሴው ሲጀመር በቂ ምክንያት ነበረው። የደነገጠ ሰው ዓይኑን ያስደነገጠው ነገር ላይ ይተክላል፤ ከጎኑ የሚሆነውን አያይም። ሁለተኛ አጥቂ ሊኖር ይችላል። ወደ ተኩሱ መሥመር የሚሮጥ ልጅ ሊኖር ይችላል። መሣሪያ ደግኖ የሚመጣው ፖሊስ ማን ጥበቃ፣ ማን ወንጀለኛ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ "ከተኮስክ በኋላ ዙሪያህን ቃኝ" ተባለ። ከዚህ ትምህርት የተረፈው አንገቱ ብቻ ነው።

ዓይን አጥርቶ የሚያየው ከሙሉ እይታው መካከል ሁለት ዲግሪ ያህል ስፋት ባላት ቦታ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ የአውራ ጣት ጥፍር የሚሸፍነውን ያህል ማለት ነው። ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲወረወር ደግሞ አንጎል በዚያች ቅጽበት ምስሉን ያፍነዋል። ስለዚህ ሳያርፍ የሚዞር ዓይን ምንም ይዞ አይመለስም። ለማየት ማረፍ ያስፈልጋል፣ ለዚያም ጊዜ ያስፈልጋል።

ታዲያ የሚረባ ቅኝት እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የተተኮሰበት ሰው በእርግጥ መቆሙን ወይም መውደቁን፣ እጁ ላይ ምን እንዳለ ማየት። ቀጥሎ አቅራቢያ ያሉ ሰዎች እጅ ላይ ማተኮር፤ ፊት ምንም አያደርግም፣ የሚጎዳው እጅ ነው። ከዚያ መውጫውን፣ መከለያውን፣ ፖሊስ የሚመጣበትን አቅጣጫ መፈለግ። ይህ ሁሉ ሲሆን አፈሙዙ ዓይንን ተከትሎ መዞር የለበትም፤ ወደ መሬት ወይም ወደ አደጋው አቅጣጫ እንደተጠበቀ ይቆያል። አንገት ብቻ ሳይሆን እግርም ይንቀሳቀስ። አሠልጣኙ በሠልጣኙ ጀርባ በካርቶን የተሠራ ሰው ያቁም፤ እጁ ላይ አንዴ ስልክ፣ አንዴ ቢላ፣ አንዴ የፖሊስ ምልክት ይለጥፍ፤ በየዙሩ ይቀያይረው። ሠልጣኙ ያየውን ጮክ ብሎ ይናገር፤ ያየው የሚጠይቀውንም ያድርግ። ካላየ፣ ጥይቱ መሐል ለመሐል ቢመታም ልምምዱ ወድቋል።

ሁሉንም ልማድ የምፈትሽበት ጥያቄ ከዚሁ ይወጣል። ይህ እንቅስቃሴ ምን ይነግረኛል? የነገረኝ ነገር ሌላ ቢሆን ኖሮ እኔ የማደርገው ይለወጥ ነበር ወይ? መልሱ "ምንም አይነግረኝም፣ ምንም አይለወጥም" ከሆነ ነገሩ ለወጉ ያህል የሚደረግ ነው።

አሁን ይህን ርእስ የሚያነሣ ሁሉ ወደሚጠቅሰው ታሪክ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1970፣ ከ5 ወደ 6 በሚያሻግረው እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ካሊፎርኒያ ኒውሆል በሚባል ቦታ አራት የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ፖሊሶች ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተገደሉ፦ ዎልት ፍራጎ፣ ሮጀር ጎር፣ ጄምስ ፔንስና ጆርጅ አሊን። ሽጉጣቸው ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ ነበር። ፔንስ ስድስቱን ጨረሰና ባዶውን አራግፎ እንደገና ሲያጎርስ ተገደለ። ከዚያ በኋላ በየሥልጠናው አንድ ነገር ተወራ፦ የፔንስ ባዶ ቀለሃዎች ኪሱ ውስጥ ተገኙ፤ ምክንያቱም ሜዳው እንዳይቆሽሽ ቀለሃ መሬት ላይ መጣል የተከለከለ ነበር፤ እጁም ሞት ፊት ቆሞ የለመደውን አደረገ።

ታሪኩ ለአሠልጣኝ የተመቸ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፣ ከአእምሮ አይጠፋም። ችግሩ እውነት አለመሆኑ ነው። የቦታውን ማስረጃ መልሰው የመረመሩ ሰዎች ቀለሃዎቹ ፔንስ በቆመበት መሬት ላይ እንደነበሩ አሳይተዋል። እንግዲህ "ሳይመረምሩ መድገም ይገድላል" ብሎ የሚያስተምረው ታሪክ ራሱ ሳይመረመር ለአሥርተ ዓመታት ተደገመ።

የኒውሆል እውነተኛ ትምህርት ከተረቱ ይልቅ ከባድ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ የማይነገረው። ፔንስ ጥይት የሚይዘው በቀበቶው ላይ ባለች ትንሽ ቦርሳ ነበር፤ ክዳኗ ሲከፈት ስድስቱ ጥይት መዳፍ ላይ ይዘረገፋል፣ ከዚያ በጨለማ አንድ በአንድ ወደየቀዳዳው ይገባል። ሜዳ ላይ የተለማመደው ስድስቱንም ሞልቶ መዝጋት ነበር፤ በዚያች ሌሊትም ስድስቱንም ሞላ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ አጉርሶ ቢዘጋ ኖሮ ወደ እሱ የቀረበውን ገዳይ ሊተኩስበት ይችል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ለዚህ ነው። ልማድ ካለ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ከኪሱ ይልቅ "ሁልጊዜ ስድስት" በሚለው ቁጥር ላይ። ከአደጋው በኋላ መሥሪያ ቤቱ ስድስቱን ጥይት አንድ ላይ የሚያስገባ ፈጣን ማጉረሻ ለፖሊሶቹ ፈቀደ።

የቁጥር ልማድ ዛሬም አልሞተም። ሠልጣኝ "ሁለት ተኩስ፣ አቁም" እየተባለ ለወራት ሲለማመድ ሁለተኛው ጥይት ሲወጣ ጣቱ በራሱ ከቃታው ይነሣል። ዒላማው ወረቀት ነውና ሁልጊዜ ከሁለት በኋላ "ይበቃል" ይላል። አሜሪካዊው የሽጉጥ አሠልጣኝ ጄፍ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው "ኤል ፕሬዚደንቴ" የሚባለው ልምምድ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ሦስት ዒላማ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል ርቀት፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ጥይት፣ ካዝና መቀየር፣ እንደገና ለእያንዳንዱ ሁለት፤ 12 ጥይት በ10 ሰከንድ። ለመመዘኛነት ግሩም ነው። ለልምምድ ሲደጋገም ግን ሰውነት "ከስድስተኛው በኋላ ካዝና ይቀየራል" የሚል የማይገኝ ሕግ ይማራል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ካዝናውን ሌላ ሰው ይሙላው፣ ቁጥሩን ለባለቤቱ አይንገረው፤ መሐል መሐል የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ይቀላቅልበት፤ የማቆሚያውን ትእዛዝ አሠልጣኙ አንዴ ከአንድ፣ አንዴ ከአምስት ጥይት በኋላ ይስጥ።

ካዝና መቀየርን ካነሣን፣ ያልጨረሱትን ካዝና ሳይጥሉ የመቀየር ስልት አለ። አዲሱን ካዝና ከቀበቶ አውጥቶ ወደ ሽጉጡ ማምጣት፣ በዚያው እጅ አሮጌውን መቀበል፣ አዲሱን ማስገባት፣ አሮጌውን ኪስ መክተት። በአንድ መዳፍ ሁለት ካዝና መያዝ ማለት ነው፤ ለትንሽ እጅና ለወፍራም ባለ ሁለት ረድፍ ካዝና አስቸጋሪ ነው፣ ከሁለቱ አንዱ ብዙ ጊዜ መሬት ይወድቃል። ስልቱ እንዲህ ሥር የሰደደው በከፊል በውድድር ደንብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው አይዲፒኤ የተባለው የመከላከያ ሽጉጥ ውድድር ማኅበር ጥይት የቀረበትን ካዝና መሬት የሚጥለውን ለረጅም ዓመታት ይቀጣ ነበር። ደንብ ለጨዋታ ይሠራል። ለሥራ የሚቀለው አሮጌውን መጀመሪያ አውጥቶ ኪስ መክተት፣ ከዚያ አዲሱን ማስገባት ነው፤ ለዚያውም ከመከለያ ጀርባ፣ ጊዜ ሲኖር ብቻ።

መሣሪያን ባዶ ማድረግ ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነውና። እዚህ ልማዱ ራሱ መልካም ነው፤ የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ሲፋለስ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ አፈሙዝ ወደማይጎዳ አቅጣጫ፣ ጣት ከቃታ ውጭ፣ ካዝናው ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ይሳባል፣ ጥይት የሚያርፍበት ቀዳዳ በዓይንም በጣትም ይታያል። አሁን ሁለቱን ገልብጧቸው፦ መጀመሪያ ቢሳብና ካዝናው ከዚያ ቢወጣ፣ የጎረሰው ጥይት ወጥቶ ከካዝናው ሌላ ጎርሷል። ሠልጣኙ ጥይት ሲወጣ በዓይኑ አይቷል፣ ካዝናውም በእጁ ነው፤ "ባዶ ነው" ብሎ ያምናል። እጁ ሁሉንም እንቅስቃሴ አድርጓል፤ መሣሪያው ግን ሙሉ ነው። የአሜሪካ ጦር በየካምፑ መግቢያ አሸዋ የሞላበት በርሜል የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ወታደሩ አፈሙዙን ወደ በርሜሉ አድርጎ መሣሪያውን ባዶ ያደርጋል፣ የተሳሳተ ካለ ጥይቱ አሸዋ ውስጥ ይቀራል።

በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ክላሽም የራሱ ወግ አለው። በሶቪየት ሥርዓት የተማረ ወታደር ካዝናውን አውጥቶ፣ መጠበቂያውን አውርዶ፣ ስቦ ከለቀቀ በኋላ አፈሙዙን ሽቅብ አድርጎ ቃታውን አንድ ጊዜ ይስባል። ይህ የመቆጣጠሪያ ስበት የመጨረሻ መረብ ነው፤ ቀደም ያለ ስሕተት ካለ እዚህ ይያዛል፣ መዶሻውም ይወርዳል። ጥሩ መረብ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ያጠፋዋል። አንደኛው ሳያዩ መሳብ ነው፦ ቃታው የዓይንን ሥራ እንዲሠራ ተትቷል፤ ባዶነቱን የሚያረጋግጠው ማየት መሆኑ ቀርቶ የ"ቀጭ" ድምፅ ይሆናል። ሁለተኛው ቦታ ነው፦ የወታደር ሜዳ ልማድ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ውስጥ፣ ፎቅ ላይ፣ መኪና ውስጥ ሲደገም "ሽቅብ" ማለት "ጎረቤት" ማለት ይሆናል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ አይታችሁ ዳስሳችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ቃታ መሳቡ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።

ሌላ ጉራ አለ፦ ሽጉጥ ሲሳብ የሚወጣውን ጥይት አየር ላይ መቅለብ፣ ወይም መዳፍን የቀለሃ መውጫው ላይ ከድኖ መቀበል። መሬት የወደቀ ጥይት ማጎንበስን እንጂ ሌላ ዋጋ አያስከፍልም። መዳፍ ሲከደንበት ግን ጥይቱ መውጣት አቅቶት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመታ የሚቀጣጠል ንጥረ ነገር የያዘው የጥይቱ ጀርባ ከማስወጫው ብረት ጫፍ ጋር ይገጥማል፤ ስላይዱ፣ ማለትም የሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል፣ በኃይል ሲገፋው ሊፈነዳ ይችላል። ቀለሃውን የሚከበው ብረት ስለሌለ ፍንጣሪው መዳፍ ውስጥ ነው የሚገባው። በዚህ መንገድ እጃቸው የቆሰለ ሰዎች አሉ። ጥይቱ ይውደቅ፤ በኋላ ታነሡታላችሁ።

ስላይዱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ስቦ የናሱን ብልጭታ ማየት፣ ማለትም መጉረሱን ማረጋገጥ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ይጠቅማል። ከተኩስ በኋላ፣ ከእረፍት በኋላ፣ ሻይ ከጠጡ በኋላ መድገም ጉዳት አለው። ስላይዱ በቀስታ ሲመለስ ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል፤ ያኔ ቃታ ሲሳብ ምንም አይሆንም። የባሰው ደግሞ በየማታው ባዶ አድርጎ በየማለዳው ያንኑ ጥይት መልሶ ማቀባበል ነው። ጥይቱ ከካዝና ወጥቶ ወደ መጉረሻው መወጣጫ በኃይል በተጋጨ ቁጥር እርሳሱ ወደ ቀለሃው ሊሰምጥ ይችላል፤ የባሩዱ ቦታ ሲጠብ ግፊቱ ይጨምራል።  መለኪያ አያስፈልጋችሁም፦ በተደጋጋሚ የጎረሰውን ጥይት ከአዲስ ጥይት ጎን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ አጥሮ በዓይን ከታየ አይተኮስም። ካላጠረም በየጊዜው ቦታውን ቀያይሩት።

ስላይዱ ክፍት ሆኖ ሲቆም በአውራ ጣት መልቀቂያውን መጫን ወይስ ከላይ በሙሉ እጅ ጨብጦ መጎተት? ለዓመታት "ከላይ ጎትት" የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው አንድ ነበር፦ ልብ ሲመታ የጣት ረቂቅ ሥራ ይጠፋል። ገደቡም በደቂቃ 115 ምት ነው እየተባለ በሰንጠረዥ ይታያል። ነገር ግን ካዝና ማውጫውን የሚጫነው ጣት ነው፤ ቃታውን የሚስበውም ጣት ነው፤ እነዚያ ለምን አልጠፉም? ባያትሎን የሚባለው የበረዶ ሸርተቴና የተኩስ ውድድር ስፖርተኞች በበረዶ ላይ ተንሸራተው ልባቸው ከ115 እጅግ በላይ እየመታ በ50 ሜትር ርቀት፣ ተኝተው ሲተኩሱ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ዒላማ ይመታሉ። የስፖርት ድካምና ፍርሃት አንድ አይደሉም፣ እውነት ነው፤ ቁጥሩ ግን እንደሚነገርለት ገደብ እንዳልሆነ ይህ ይበቃል። ከላይ መጎተት የሚመረጥበት እውነተኛ ምክንያት አለ፦ መልቀቂያው ትንሽ ወይም ጠጣር ከሆነ፣ ጓንት ካደረጋችሁ፣ ወይም የተለያየ ሽጉጥ የምትይዙ ከሆነ። ስትጎትቱ ግን እስከ መጨረሻ ጎትታችሁ ልቀቁት፤ እጅ ስላይዱን አጅቦ ሲመልሰው ጥይቱ ግማሽ ላይ ይቀረቀራል።

ስለ 21 ጫማም ትጠይቁኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ ዴኒስ ቱለር ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም 6.4 ሜትር ያህል፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ እንደሚያቋርጥ ጻፈ፤ የሠለጠነ ሰው ሽጉጥ አውጥቶ ለመምታት የሚፈጅበትም እንደዚያው ነበር። ይህ ስለ ጊዜ የቀረበ ማስጠንቀቂያ ነው። መልእክቱ "ቀድመህ ዕወቅ፣ ራቅ፣ መከለያ ፈልግ" የሚል ነበር። ሲወርድ ሲዋረድ ግን "ከ21 ጫማ ውስጥ የገባ ይተኮሳል" የሚል መሥመር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የፖሊስ አዛዦች የምርምር መድረክ አስተሳሰቡ ከሥልጠና እንዲወጣ መከረ። ጥበቃ ላይ ያላችሁ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርባችሁ "21 ጫማ ውስጥ ገባ" ብትሉ ጠበቃው ቀጥሎ የሚጠይቃችሁ ጠረጴዛውን ለምን በመካከላችሁ እንዳላደረጋችሁ ነው።

እስራኤል ውስጥ ያገለገሉ ወገኖቻችን ሽጉጥ ሳያጎርሱ ይዞ ሲያወጡ የማቀባበልን አያያዝ ያውቁታል። አገሪቱ ስትጀምር ከየአገሩ የተለቀመ፣ ያረጀ፣ መጠበቂያው የማይመሳሰል ሽጉጥ ነበራት፤ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ ያስፈልግ ነበር። ለዚያ ችግር ጥሩ መፍትሔ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ምክንያቱን ትተው እንቅስቃሴውን ብቻ፣ በጀግንነት አጊጦ፣ ሸጡት። ዘመናዊ ሽጉጥ በጥሩ አፎት ለያዘ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ ግራ እጅህ ልጅ ይዞ ወይም ቢላ እየመከተ ቢሆን በምን ታቀባብለዋለህ? መልስ ካላችሁ፣ ወይም አሠሪያችሁ ሳይጎርስ እንዲያዝ ካዘዘ፣ በአንድ እጅ ማቀባበልንም በባዶ መሣሪያ ተለማመዱ።

የቀረው ወደ አፎት መመለስ ነው። በሜዳ ላይ ከማውጣቱ እኩል ፈጥኖ መመለስ እንደ ሙያ ይታያል። ሽጉጥ ሲወጣ መፍጠን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሲመለስ ግን ያስቸኮለ ሰው የለም። ሳይታሰብ እግርን የሚያቆስለው ጥይት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህች ቅጽበት ነው፦ ከቃታው ያልተነሣ ጣት፣ አፎት ውስጥ የታጠፈ ሸሚዝ፣ አርጅቶ አፉ የተኮማተረ ቆዳ። ስለዚህ ቁሙ፣ ጣት ከቃታ ውጭ መሆኑን እዩ፣ በግራ እጅ ልብሱን ሰብስቡ፣ አፎቱን በዓይናችሁ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ፤ መዶሻ ያለው ከሆነ አውራ ጣታችሁ መዶሻው ላይ ይሁን፣ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። ምንም ነገር ከያዘው አትግፉ፣ መልሳችሁ አውጡት። የሥራ ጃኬታችሁ ወገቡ ላይ የማጥበቂያ ገመድ ካለው ደግሞ ጫፉ ቃታው ውስጥ ይገባልና ቤት ስትገቡ ቁረጡት።